የሹም ሥራ በምን ሚዛን ይመዘናል?

ባለፈው ዓመት በሰሜን አሜሪካ ወዳለች አንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን በእንግድነት ሄጄ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጸዲቁ ቀርቦ ምእመናን በአዳራሹ ሲጨዋወቱ፣ ሁለት ወንድሞች ስለ አገሪቱ ፕሬዚዳንቶች መከራከር ጀመሩ። እነዚህ ሁለቱ ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ የጽዋ ማኅበር የኖሩ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና ያነሣ አበልጆች ናቸው። አንደኛው በዴሞክራቶች፣ ሁለተኛው በሪፐብሊካኖች ወገን ቆመው ቃል ቃልን እየወለደ ሄደና አንደኛው ሳይሰናበት ተነሥቶ ወጣ። በሚቀጥለው እሑድ ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ብሎ ባወጀ ጊዜ፣ ጎን ለጎን ቆመው ሳሉ አንዱ ወደ ሌላው አልዞረም። ይህን አይቼ ደነገጥሁ።

ከሁለቱ አንደኛው ኋላ ወደ እኔ መጥቶ፣ «አባታችን፣ ለመሆኑ ክርስቲያን ስለ አንድ መሪ መልካም ነው፣ ክፉ ነው ብሎ መፍረድ ይገባዋልን? የሚገባው ከሆነስ በምን ሚዛን?» ሲል ጠየቀኝ። ያን ጊዜ በቃል የመለስሁለት እኔን ራሴን አላረካኝም፤ ስለዚህ በጽሑፍ ልመልስለት ቃል ገባሁ። ይህ ጽሑፍ ያ መልስ ነው።

እነርሱ የተጣሉት ዛሬ በመንበሩ ላይ ስላለው ሰው ነው። የዚህን ሥራ ከአሁኑ መስፈር አዝመራው ሳይታጨድ ጎተራውን እንደ መለካት ስለ ሆነ እተወዋለሁ። ዘመነ ሥልጣናቸውን ፈጽመው ወደ ቤታቸው የገቡትን 43ኛውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዎከር ቡሽን ግን ለምሳሌ እወስዳለሁ። እርሳቸውን የመረጥሁት የሥራቸው ፍሬ እስከ አገራችን ስለ ደረሰ ነው፤ ደግሞም እኔ ራሴ በእርሳቸው ላይ ፈርጄ ስለ ተሳሳትሁ ነው። (የአሜሪካን ነገር በምጽፍበት ስፍራ የዘመኑ ቍጥር በእነርሱ አቈጣጠር ነው፤ በአገራችን አቈጣጠር የሆነውን ዓ.ም. እለዋለሁ።)

ፕሬዚዳንት ቡሽ በጃንዋሪ 2001 ሥልጣን ያዙ። ምርጫው በፍሎሪዳ ድምፅ ቈጠራ ምክንያት ተጨቃጭቆ በጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 በሆነ ውሳኔ የተቋጨ ስለ ነበረ፣ ገና ከመግቢያቸው ሕዝቡ በሁለት ተከፍሎ ተቀበላቸው። በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ሦስት ሺህ ያህል ሰው በአንድ ማለዳ ባለቀ ጊዜ ግን አገሪቱ ከኋላቸው ቆመች፤ የሕዝብን አሳብ የሚመረምረው ጋሎፕ የተባለው ድርጅት በዚያው ወር ከመቶ 90 የሚሆነው ሕዝብ ሥራቸውን እንደ ደገፈ መዘገበ። በ2008 መገባደጃ ያው ድርጅት የመዘገበው ቍጥር ወደ 25 ወርዶ ነበር። ሰውየው ያው ናቸው፤ ሕዝቡም ያው ነው። በመካከሉ የሆነውን እናያለን፤ አስቀድሜ ግን የራሴን ልናገር።

በዚያ ዘመን እኔ ከጉባኤ ቤት ከወጣሁ ብዙ ያልቈየሁ፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ የምገኝ አገልጋይ ነበርሁ፤ አንደበቴም ይቸኵል ነበር። በ1996 ዓ.ም. በዘመነ ትንሣኤ ከኢራቅ የአቡ ግሬብ እስር ቤት ሥዕሎች ወጥተው በዓለም ሁሉ ታዩ። የታሰሩት ሰዎች ራቁታቸውን እንደ እንጨት ተከምረዋል፤ ወታደሮቹ አጠገባቸው ቆመው ይስቃሉ። ያን ሰሞን በማገለግልበት ደብር ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሜ፣ ስለ ዛፍና ስለ ፍሬው የሚናገረውን የወንጌል ክፍል ተርጕሜ፣ «ከዚህ ሰው እጅ የሚወጣው ሁሉ ርኩስ ነው» ብዬ አስተማርሁ። ሕዝቡ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። እኔም እውነትን በድፍረት ተናገርሁ ብዬ ደስ እያለኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ለውጭ አገር የሚሰጠውን ርዳታ ባገደ ጊዜ፣ በደብራችን በር ጧፍ የምትሸጥ አንዲት ሴት ወደ እኔ መጥታ፣ «አባ፣ መድኃኒቱ ሊቀር ነውን?» ስትል ጠየቀችኝ። የምን መድኃኒት እንደ ሆነ አላወቅሁም ነበርና ጠየቅኋት፤ ነገረችኝም። ባልዋ በኤድስ ሞቶባት እርስዋም በሽታው እንዳለባት ካወቀች በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በአገራችን በነጻ መሰጠት በጀመረ ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ተጠርታ ነበር። መድኃኒቱ ከአሜሪካ መንግሥትና ከዓለም አቀፉ ፈንድ በመጣ ገንዘብ እንደሚገዛ ሰማች። ወዲያው የእኔ ስብከት ትዝ አላትና ከርኩስ እጅ የመጣውን አልውጥም ብላ ወደ እንጦጦ ወጣች። ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀር ሰውነትዋ አልቆ በሰው ሸክም ተመለሰች። አንዲት ነርስ እያባበለች መድኃኒቱን አስጀመረቻት፤ እግዚአብሔርም ዕድሜ ጨመረላት። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ያለ ወቀሳ፣ እንደ ተራ ወሬ ነው። እኔ ስለ መንግሥት የተናገርሁትን እርስዋ ስለ መድኃኒትዋ ሰምታው ኖሮአል።

ይህን ስጽፍ ጠበልን መንቀፌ እንዳይመስልብኝ። ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆኑና አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. በይፋ አስተምረዋል። ጥፋቱ የጠበሉ አልነበረም፤ የእኔ አንደበት ነበረ።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። በጃንዋሪ 28 ቀን 2003 ማታ ፕሬዚዳንት ቡሽ እንደ አገራቸው ልማድ በሕግ መወሰኛውና በሕግ መምሪያው ምክር ቤቶች ፊት ቆመው የዓመቱን ንግግር አደረጉ። በአፍሪካ ሠላሳ ሚሊዮን ያህል ሰው የኤድስ ተሕዋስያን በደሙ እንዳለ፣ ከእነዚህም መካከል መድኃኒት የሚያገኙት 50,000 ብቻ እንደ ሆኑ፣ ለአንድ ሰው በዓመት 12,000 ዶላር ያስወጣ የነበረው መድኃኒት ከ300 ዶላር በታች እንደ ወረደ ተናገሩና፣ በአምስት ዓመት ውስጥ 15 ቢሊዮን ዶላር እንዲፈቀድ ጠየቁ። በዚያው ንግግር የኢራቁ ገዥ ሳዳም ሑሴን የአቶሚክ ቦምብ የሚሠራበትን ዩራኒየም የተባለ ማዕድን ከአፍሪካ ለማግኘት እንደ ሞከረ እንግሊዞች ደርሰውበታል አሉ። ይህ ሁለተኛው ነገር በማስረጃ ያልጸና ሆኖ ተገኘ፤ በጁላይ ወር ቤተ መንግሥታቸው ራሱ በንግግሩ ውስጥ ሊገባ እንደማይገባው አመነ።

በአንዲት ማታ፣ ከአንድ አንደበት፣ ሁለት የአፍሪካ ነገሮች ወጡ ማለት ነው። አንደኛው ፔፕፋር የተባለውን የርዳታ ሥራ ወለደ፤ ሕጉ በሜይ 2003 ተፈረመ። አስቀድሞ በተመረጡት 15 አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ ነበረችበት። ሰውየው ሥልጣናቸውን ሲለቁ በዚህ ርዳታ መድኃኒት የሚወስደው ሕዝብ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሆኖ ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥት ደግሞ እስካሁን 25 ሚሊዮን ነፍስ እንደ ተረፈበት ይናገራል። በ1990ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በአዲስ አበባ አብያተ ክርስቲያናት ያገለገለ ካህን ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ያን ጊዜ ጎልማሶችን ስንቀብር እንውል ነበር፤ ፍትሐት የሚያደርሱት ደባትርም ይደክማቸው ነበር። ኋላ ያ ነገር እየቀለለ መጣ። ያቀለለውን ሰው ስም ለማንሣት ግን አፋችን ከብዶን ነበር።

ሁለተኛው ነገር ወደ ጦርነት ሄደ። በማርች 2003 መጀመሪያ የሮም ፓፓ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ካርዲናል ላጊን ወደ ፕሬዚዳንቱ ልከው ጦርነት እንዳያነሡ ለመኑአቸው፤ ከራሳቸው ከሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት መካከልም የተቃወሙ ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት የጦር መሣሪያ መርማሪዎች አለቃ ሐንስ ብሊክስ ምርመራው ለመፈጸም ወራት ያስፈልጉታል አሉ። ወራቱ አልተሰጡም። በዚያው ወር ጦርነቱ ተጀመረ። (ከጦርነቱ ደጋፊዎች ዝርዝር ላይ ኢትዮጵያና ኤርትራ ሁለቱም ተጽፈው ነበር። ገና ደማቸው ያልደረቀ ሁለት ወንድማማቾች በዚያ ዝርዝር ውስጥ ብቻ መስማማታቸው ያን ጊዜም ያሳዝነኝ ነበር።) የተፈራው መሣሪያ ግን አልተገኘም፤ በ2004 አሜሪካኖች ራሳቸው የላኩት መርማሪ ቡድን ክምችት እንዳልነበረ ጽፎ አስረከበ። ከአሜሪካ ወታደሮች 4,500 ያህል፣ ከኢራቅ ሰላማዊ ሕዝብ ደግሞ ከመቶ ሺህ በላይ ሞተዋል።

ከዓመታት በፊት በአንድ የእኅት አብያተ ክርስቲያናት ስብሰባ ላይ ከሞሱል አካባቢ የመጣ አንድ የሶርያ ኦርቶዶክስ ካህን አጠገቤ ተቀመጠ። ሃይማኖታችን አንድ ነው፤ ቋንቋችን ግን አይግባባም፤ በአስተርጓሚ ተጫወትን። በአገሩ ከጦርነቱ በፊት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ክርስቲያን እንደ ነበረ ይገመታል፤ ዛሬ የቀሩት ከሦስት አንድ እጅ አይሆኑም። በ2006 በዚያች በሞሱል አንድ የሶርያ ኦርቶዶክስ ካህን ተጠልፎ ታርዶአል። በ2014 ከተማይቱ እስላማዊ መንግሥት ነኝ በሚለው ቡድን እጅ በወደቀች ጊዜ ለብዙ መቶ ዓመታት የተቀደሰባቸው መቅደሶች ዝም አሉ። የሳዳምን ግፍ ያ ካህን ከእኔ ይልቅ ያውቃል፤ አልካደምም። ይሁን እንጂ፣ «በክፉ ጣራ ሥር ነበርን፤ ጣራውን ሳይደግፉ ግድግዳውን አፈረሱት» አለኝ። ከመለያየታችን በፊት ከደብሩ የሞቱትን ሰዎች ስም በትንሽ ወረቀት ጽፎ፣ በጸሎት አስባቸው ብሎ ሰጠኝ።

ወንድሜ ሆይ፣ የጥያቄህ ክብደት የሚታወቀው በዚህ ላይ ነው። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ነው ይላል፤ ከሚሊዮኖቹ መቶ ሺውን ቀንስ፣ ብዙ ይተርፋል፣ ስለዚህ መልካም መሪ ነበሩ ይላል። እስኪ ይህን ቅናሽ ይዘህ በዚያ ካህን ፊት ቁም። «አባቴ፣ ሰዎችህ ሞተዋል፤ ነገር ግን በእኛ አገር መድኃኒት ተሰጥቶአል» በለው። አትልም፤ አፍህ ይያዛል። እንዲሁም ከጧፍ ሻጪዋ ፊት ቆመህ «ያ ሰው ደም አፍሳሽ ነውና ያደረገልሽ ሁሉ ከንቱ ነው» ልትላት አትችልም። እኔ ብዬአት ነበር፤ ያደረሰውንም አይቼዋለሁ። ስለ አንድ ሹም የምንሰጠው ፍርድ ሥራው በደረሰበት ሰው ፊት ሊነገር የማይችል ከሆነ፣ አንድ ነገር ጎድሎታል ማለት ነው።

መጻሕፍት ነገሥት የሹምን ሥራ እንዴት እንደሚጽፉ እንመልከት። ዳዊት ለእግዚአብሔር እንደ ልብ የሆነ ንጉሥ ነው፤ አርባ ዓመት ነገሠ፤ ጎልያድን ጥሎ ሕዝቡን አዳነ። ነቢዩ ናታን ወደ እርሱ በገባ ጊዜ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አንሥቶ ስለ ኦርዮ ደም ካሣ አላደረገለትም። እንዲሁም ስለ ኦርዮ ደም ብሎ ጎልያድ አልወደቀም አላለም። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 15 ላይ ጸሓፊው ዳዊት በዘመኑ ሁሉ ቅን ነገር እንዳደረገ ይመሰክርና የኦርዮን ነገር ብቻ ለይቶ ያወጣል። የአርባ ዓመት መልካም ሥራ ያን አንድ ስም ሊያሰጥመው አልቻለም። ቅዱስ ማቴዎስም የጌታን የልደት ሐረግ ሲቈጥር ሰሎሞንን የወለደችውን ሴት በራስዋ ስም አልጠራትም፤ የኦርዮ ሚስት በነበረችው አሰኝቶ ጻፋት። ይህን በየዓመቱ እናነባለን፤ ስንቶቻችን አስተውለነው ይሆን? ንጉሡ በክብሩ ይኖራል፤ የተገደለውም ወታደር በስሙ ይኖራል።

በጉባኤ ቤት የተማርን ሁሉ ይህን መንገድ እናውቀዋለን። መምህሩ አንዱን ንባብ ሲተረጕም አንድም ይልና ሌላ ይጨምራል፤ ሁለተኛው ሲመጣ ፊተኛው አይፋቅም። አንድም ማለት ያሻኝን ልናገር ማለት እንዳልሆነ ግን የየኔታ አርጩሜ አስተምሮናል፤ እያንዳንዱ አንድም ምስክር ሊኖረው ይገባል። እኔም ስለ ፕሬዚዳንት ቡሽ፣ ለድሆች በሽተኞች ከእርሳቸው በፊት ማንም መሪ ያላደረገውን አደረጉ እላለሁ፤ አንድም ሳይቸግር በተጀመረ ጦርነት ለብዙ ሰው ሞት ተጠያቂ ናቸው እላለሁ። የመጀመሪያውን የሰማ ሁሉ ሁለተኛውን እስካልሰማ ከፊቴ አይሂድ።

በእርግጥ የሠሩትንና በዘመናቸው የሆነውን መለየት ይገባል። በኦገስት 2005 የኒው ኦርሊንስን ከተማ ያሰጠመው ማዕበል የእርሳቸው ሥራ አይደለም፤ የተሰበሩት የውሃ መከላከያ ግንቦች ከእርሳቸው በፊት የተሠሩ ናቸው፤ የርዳታው መዘግየት ግን ከመንግሥታቸው ይጠየቃል። የ2008 የባንኮች ውድቀትም በብዙ እጅ የተጎነጎነ ነው። መድኃኒቱንም ብቻቸውን አላመጡትም፤ ሁለቱም ወገኖች በምክር ቤት ድምፅ ሰጥተውበታል፤ የመድኃኒቱን ዋጋ ያወረዱትም ሌሎች ናቸው። ስለ ጦርነቱ ዋሹ ወይስ ተሳሳቱ ለሚለው ክርክር ልብን የሚመረምር አንድ ነው፤ እኔ አልገባበትም። ዳኛ ግን በሞት የሚቀጣውን ሰው በወሬ አይቀጣም። ምስክሩ ገና እየመጣ ነው ሲባል ያልጠበቀ ዳኛ፣ ተሳስቼ ነው ቢልም ከዕዳ አይድንም።

የጥላቻ ፍርድ እንዴት እንደሚለዋወጥ ማየትም ያስተምራል። በ2003 ጦርነቱን ያልደገፈ አገሩን የከዳ ነው ይሉ ከነበሩት ብዙዎች፣ በ2016 ከራሳቸው ከሪፐብሊካኖች ዕጩዎች አንዱ ዶናልድ ትራምፕ በአደባባይ ጦርነቱን ሲያወግዝ አጨበጨቡለት። ፕሬዚዳንት ቡሽን ነፍሰ ገዳይ ይሉ ከነበሩት ዴሞክራቶችም ብዙዎቹ፣ ሌላ የሚጠሉት ሰው ከመጣ በኋላ ቀድሞ የነቀፉትን በናፍቆት ያነሡት ጀመር። በእነዚህ ዓመታት ከሟቾቹ አንድ አልተነሣም፤ ከዳኑትም አንድ አልተሰረዘም። ተመዛኙ ሳይነቃነቅ ሚዛኑ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ መዛኙ የሚመዝነው የራሱን ቍጣ ነው። በቀድሞው የአገራችን ችሎት ጠበኛም ዘመድም የሆነ ምስክር ይነቀፍ ነበር። እንደዚያ ቢሆን ዛሬ በአዳራሹ ከተቀመጥነው መካከል ለምስክርነት የሚቆም ስንት ሰው ይገኝ ይሆን?

ለእኛ ለካህናትም አንድ ወጥመድ አለ። ፕሬዚዳንት ቡሽ በአርባ ዓመታቸው መጠጥ እንደ ተዉ፣ በየዕለቱ መጽሐፍ ቅዱስ እንደሚያነቡ የታወቀ ነው። ከምእመናን አንዳንዶቹ ስለዚህ ብቻ ወደዱአቸው። ሹም የእግዚአብሔርን ስም ሲጠራ ደስ ይለናል፤ መጥፎም አይደለም። ዳሩ ግን ጸሎቱ ኦርዮን ሲገድል አልከለከለውም፤ ዳዊት መዝሙረኛ ነበር።

ያች ጧፍ ሻጪ ባለፈው የጾመ ፍልሰታ ወራት በጸሎት እንዲታሰቡላት የምትፈልጋቸውን ስሞች አጽፋ ሰጠችኝ። የባልዋ ስም አለበት፤ የነርስዋም አለበት፤ ከታች «ጊዮርጊስ» የሚል ተጨምሮአል። ይህ ጊዮርጊስ ማን ነው ብዬ ብጠይቃት፣ «የአሜሪካው» አለችኝ። የሞሱሉን ካህን ወረቀት ከተቀበልሁ ጀምሮ በዳዊቴ ውስጥ አኑሬዋለሁ፤ ይህንም በዚያው አኖርሁት። ማታ ማታ ስከፍት ሁለቱም በአንድነት ይወጣሉ፤ ሁለቱንም አነባለሁ።